መርዶ የደበቁባት ከተማ

እንቅልፍ ከዐይኗ ከጠፋ ወዲህ ሁለት ሌሊት አልፎ ይኸው ነጋ፤ ማክቫላ ሮም በምትኖረው ያገሯ ልጅ በላማራ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች መስላ ትተነፍሳለች፤ እነሱ ወጥ ቤት ገብተው ይንሾካሾካሉ። ይንሾካሾኩ። እስኪጠግቡ ይንሾካሾኩ። የሚሉትን ለመስማት ጆሮዋን ማቆም አያስፈልጋትም፤ ላማራ ዛሬ ደግሞ የት እንውሰዳት ትላለች፤ ባሏ ቫዣ እኔ እንጃ፣ ከእንግዲህ ያላየችው ድንጋይ ምን ቀረ ይላል፤ ላማራ ዝም በል ትሰማሃለች ትለዋለች፤ ትሰማለች፣ በደንብ አድርጋ ትሰማለች። ሁለት ቀን ሙሉ እህል እንደሚያበራይ በሬ ሮምን ሲያዞሯት ይውሉና ማታ እግሯ እንዳያብጥ ለብ ያለ ውሃ በጨው ያቀርቡላታል። እናቷ ሞታለች። የነገራት ሰው የለም፣ ግን ሞታለች፤ ታሶ ሞታለች፤ ጆርጂያ፣ ኢሜሬቲ፣ ያ የወይን ሐረግ በረንዳውን የሸፈነው ቤት ትልቁ ክፍል ውስጥ ሬሳ ሣጥኗ መሃል ተቀምጦ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ዓመት ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ያላላት ሁሉ ሳይቀር ሣጥኑን እየዞረ ይሰናበታታል፤ ራስጌዋ ተቀምጣ ማልቀስ ያለባት አንዲት ሴት ልጇ ግን ሮም ሽርሽር ላይ ናት።

ቀብሩ ነገ ነው። ይህንንም የነገራት የለም፤ ግን ባገሯ ልማድ ሬሳ ሩቅ ያለ ልጅ እስኪደርስ ይጠበቃል፣ ሳምንቱ መሃል የሞተ ሰው ቅዳሜ ነው የሚቀበረው፣ ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው። ዓርብ ማታ ከሮም ለቤታቸው ቅርብ ወደሆነችው ከተማ ወደ ኩታይሲ የሚበር አውሮፕላን አለ፤ ጣልያን አገር አሮጊት የምታጥብ የጆርጂያ ሴት ሁሉ ይህን በረራ እንደ አባታችን ሆይ በቃሏ ይዛዋለች፣ ተሳፍራበት ባታውቅም ይዛዋለች። ልትደርስ ትችላለች። ችግሩ መድረሱ አይደለም፣ መመለሱ ነው። ወረቀት የላትም። ለጉብኝት ብላ ገብታ ሰባት ዓመት የቀረች ሴት ናት፤ ድንበር ላይ ፖሊሱ ፓስፖርቷን ይገልጥና ማህተሙን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ሂጂ፣ ዳግመኛ ግን እንዳትመጪ ይላታል፤ ከዚያ ባሪ ከተማ የምታጥባት አሮጊት፣ ሲኞራ ኢማኮላታ፣ ሌላ ሴት ትቀጥራለች፣ ኩታይሲ ያለችው ልጇ ኤሊሶ የጀመረችውን ትምህርት ትጥላለች፣ የወንድሟ የጉራም ቤትም ቢሆን ማክቫላ በምትልከው ነው የሚያድረው። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ካስገባች ቆይታለች፤ ጠብቂ ይሏታል፣ ትጠብቃለች፤ ቢሮ ትሄዳለች፣ ወረፋ ትይዛለች፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቀጠሮሽ ዛሬ አይደለም ይሏታል፣ እሺ ብላ ትመለሳለች። ወረቀቱን ለምን ነበር የፈለገችው? እናቷን ሄዳ አይታ ለመመለስ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ይህን ስታስብ ትራሱን ትነክሳለች።

እንዴት አወቀች? ቫዣ ነዋ ያሳወቃት፤ ያ ቂል፣ ያ ደግ ሰው፣ እግዜር ይይለትና። ረቡዕ ከባሪ እንደደረሰች ምሳ ቀረበ፤ አይብ የተሞላ ዳቦ፣ በነጭ ሽንኩርት የታሸ ዶሮ፣ ካገር ቤት በፕላስቲክ ጠርሙስ የተላከ ወይን ጠጅ፤ ቫዣም እንደ ወጉ ቆሞ ጽዋ እያነሣ ይመርቅ ጀመር። ለሰላም ተጠጣ። ላገር ተጠጣ። ለልጆች ተጠጣ። ቀጥሎ ለእናቶች ነው፤ "እንግዲህ ለእናቶቻችን" አለና ቃል አጥሮት ቆመ፤ ማክቫላ ልታጋጭ ብርጭቆዋን ዘረጋች፤ እሱ ብርጭቆውን ወደ ደረቱ ሳበ። አላጋጨም። የሕያው ጽዋ ይጋጫል፣ የሙት ጽዋ አይጋጭም፤ ይህን እዚያ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። የቫዣ እናት ዕድሜ ጠግባም ላም ታልባለች፣ የላማራም እናት ደህና ናት፤ እንግዲህ ማን ቀረ? አፉን መዋሸት አስተምረውት ነበር፣ እጁን ግን ያስተማረው የለም፤ እጁ ቁራሽ ዳቦ አንሥቶ ወይኑን ጠብ አደረገበት፣ ለነፍስ እንደሚደረገው፣ ከዚያ ራሱ ደንግጦ ዳቦውን ጎረሰው። ላማራ ጠረጴዛ ስር በእግሯ ስትለው ሳህኖቹ ተንኳኩ። ማክቫላ፣ ምነው ቫዣ፣ የኔ እናት እኮ በሕይወት አለች፣ ልትል ከአፏ ደረሰ። አላለችም። ብርጭቆዋን ጨለጠችና ዶሮው ጨው አንሶታል አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት። ላማራ ለምን በድንገት ደወለች? "አንቺ ሴት፣ ሰባት ዓመት ጣልያን ተቀምጠሽ ሮምን ሳታዪ ልትሞቺ ነው? ነገውኑ ነይ፣ እምቢ ካልሽ ተጣላን።" ሰባት ዓመት ሙሉ ነይ ያላለች ሴት። የሲኞራዋ ልጅስ፣ ያቺ ለእሑድ ዕረፍት እንኳ ሰዓቷን እያየች የምትገላምጥ፣ ምን ነክቷት ነው "ሂጂ፣ ሂጂ፣ እናቴን እኔ እይዛታለሁ" ብላ በር ድረስ ሸኝታ አቅፋ የሳመቻት? ጣልያኗ ሳትቀር ታውቃለች። ባሪ የሚያውቀውን፣ ሮም የሚያውቀውን፣ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን ሞት የማታውቀው የሟች ልጅ ብቻ ናት። ላማራ የቀቀለችውን እንቁላል ሳይቀር ፎቶ አንሥታ ፌስቡክ ላይ የምትለጥፍ ሴት ናት፤ ከረቡዕ ጀምሮ ማክቫላን በየሐውልቱ ስር ስታነሣት ውላ አንዱንም አልለጠፈችም፤ የናቷ ሬሳ ሳይወጣ የምትስቅ ልጅ ፎቶ መንደር ይደርሳላ። የስልኳ ቻርጀር ደግሞ ረቡዕ ማታ ጠፋ። "ውይ፣ የት ገባ? እኛ ቤት እኮ ዕቃ ይጠፋል" አለች ላማራ፣ ዐይኗን ጣሪያ ላይ ሰቅላ። ይጥፋ። ማክቫላ ቦርሳዋ ውስጥ ሌላ ቻርጀር አላት፤ ስልኩን ሞልታ፣ አጥፍታ፣ ኪሷ ከትታ ትዞራለች፣ ቻርጁ አልቆ ሞተብኝ ትላቸዋለች፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ትናንት ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሕዝቡ ይጋፋል፣ ላማራ ከፊት፣ ቫዣ ከኋላ፣ እሷ መሃል፣ እንደ እስረኛ ያጅቧታል። "ይኸውልሽ እህቴ" ይላል ቫዣ ያንን የፈራረሰ ትልቅ ክብ ግንብ እያሳየ፣ "እዚህ ነው ሰውና አንበሳ ያባሉ የነበረው፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ያያል።" አሁንም ተቀምጦ ያያል ትላለች በሆዷ። ባፏ ግን "ሲያምር" ትላለች። ሁሉም ነገር ያምራል። የተሰበረው ዓምድ ያምራል፣ አፍንጫው የተገመጠው ንጉሥ ያምራል፣ ቫቲካን ያምራል፣ ወረፋው ያምራል። አይስክሬም ገዙላት፤ እናቷ ሣጥን ውስጥ ተጋድማ እሷ አደባባይ ቆማ አይስክሬም ላሰች፣ ልሳ ጨረሰችው፣ ጣፈጣት፤ ከሁሉም ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነው፣ ጣፈጣት። ታላቁ ፏፏቴ ጋ ሲደርሱ ላማራ ሳንቲም አስጨበጠቻት።

"ጀርባሽን ስጪና በትከሻሽ ላይ ወርውሪ።"

"ለምኑ ነው?"

"እዚህ ሳንቲም የጣለ ሰው ወደ ሮም ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። ወርውሪ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል።"

ማክቫላ ሳቋ መጣ። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ፎቶ ሲነሡ የነበሩ ሰዎች ዞረው እስኪያዩዋት ሳቀች። "ይመጣል? ድንበር ላይ ለፖሊሱ ታዲያ ምን ልበለው? ሳንቲም ጥያለሁና አሳልፈኝ ልበለው?"

የላማራ ፊት ተለዋወጠ። "የምን ድንበር? የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም። የት እሄዳለሁ? ማን ሞቶብኝ?"

ላማራ ጭንቅላቷ ላይ የነበረውን የፀሐይ መነጽር ዐይኗ ላይ አወረደች። ቫዣ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፣ ያደረገው ግን ክር የሌለው ጫማ ነበር። ማክቫላ ሳንቲሙን ወረወረችው፣ የት እንዳረፈ ዞራ አላየችም።

ማን ሞቶብኝ አለች፣ በገዛ አፏ። ለምን አትጠይቅም? ለምን ላማራን ሁለት እጇን ይዛ ንገሪኝ አትላትም? አሁን ሶፋው ላይ የምታብሰለስለው ይህንን ነው፣ መልሱንም ታውቀዋለች፣ እንቅልፍ የነሣትም እሱ ነው። ካልተነገራት አላወቀችም። ካላወቀች ቀረች አይባልም። እሑድ እዚሁ ሮም ያገሯ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ይወስዷታል፣ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ይከቧታል፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ መርዶዋን ትረዳለች፣ ትጮኻለች፣ ፊቷን ትነጫለች፣ ውሃ ይረጩባታል፣ ምስኪን፣ ሳትሰማ ተቀበረችባት ይባላል፣ አለቀ፤ የሚፈርድባት የለም፣ ሥራዋ አለ፣ ማመልከቻዋ አለ፣ የኤሊሶ ትምህርት አለ። ምን ያለ የተመቸ ሞት ነው። እነሱ የሚያታልሏት ይመስላቸዋል፣ እሷ ደግሞ እየተታለለች ታግዛቸዋለች። ነገሩ የተጀመረው ደግሞ ሮም አይደለም። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ እሑድ እሑድ ስትደውል ጉራም እማዬ ተኝታለች ይላል። በጠራራ ፀሐይ ተኝታለች። ታሶ በቀን ጎኗን አሳርፋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ጎረቤት በቀን ተኝቶ ስታይ ማነው የታመመው ብላ የምትገባ ሴት ናት። ማክቫላ ግን እስቲ ቀስቅሳትና ድምጿን ልስማ አላለችም። እንግዲያው አትቀስቅሳት ነው ያለችው። በየእሑዱ፣ አትቀስቅሳት። ድምጿን ከሰማች መሄድ ሊኖርባት ነዋ። ብድግ ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ በማን እንደተናደደች መለየት አቅቷታል፣ በጉራም ነው፣ በላማራ ነው፣ በዚያ የቢሮ መስኮት ነው፣ በታሶም ጭምር ነው፣ ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት።

"ተነሣሽ? እንዴት አደርሽ የኔ ደህና" አለች ላማራ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ። "ዛሬ ጃኒኮሎ ነው የምንወጣው። ከኮረብታው ላይ ሆነሽ ከተማው ሁሉ ከእግርሽ ስር ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ መድፍ ይተኮሳል፣ በየቀኑ።"

"ለምን ይተኮሳል?"

"ሰዓቱ እንዲታወቅ ነዋ።"

"ሰዓቱን እኔም ዐውቀዋለሁ" አለች ማክቫላ፣ ተነሥታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ኮረብታው ላይ ነፋስ ነበር። ከታች ጣሪያው፣ ጉልላቱ፣ ወንዙ ተዘርግቷል፤ ቫዣ አንድ በአንድ ስም እየጠራ በጣቱ ያሳያታል፤ ግማሹን የሚፈጥረው ከራሱ ይመስላታል፣ ባይፈጥርም ግድ የላትም። ወታደሮቹ ከግንቡ ስር መድፉን ጎትተው አወጡት፤ ቱሪስቱ ስልኩን ሽቅብ ደቀነ፤ ተተኮሰ። ድምፁ ደረቷ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሰዉ አጨበጨበ። ይህ ጭብጨባ ነው ያልቻለችው። እዚያ አሁን ስምንት ሰዓት ነው፣ ከሩቅ መንደር የሚመጡት የሚደርሱበት ሰዓት፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ሣጥኑን ከብበው የሚያንጎራጉሩበት፣ ወንዶቹ ውጭ ቆመው ሲጋራ የሚያጨሱበት፤ እዚህ ሰዉ ያጨበጭባል፣ እሷም ሳታውቀው ሁለት እጇ ለማጨብጨብ ተነሥቶ ነበር። እጆቿን አየቻቸው። ከኪሷ ስልኩን አወጣችና ከፈተችው።

"ለማን ነው?" አለች ላማራ ፈጠን ብላ።

"ለጉራም።"

"ስልክሽ ሞቶ የለም እንዴ?"

"የሞተው ስልኬ አይደለም ላማራ።"

ቫዣ ኮፍያውን አወለቀ። ላማራ አንዴ እሷን አንዴ ባሏን አየች። "ማን ነገረሽ?" ከዚያ ወደ ቫዣ ዞረች። "አንተ ነህ። እኔ እኮ ይሄ ሰውዬ አያስችለውም ብያለሁ።"

"እኔ ምን አልኩ? አንድ ቃል ተናግሬያለሁ?"

"አንድ ቃል አልተናገረም" አለች ማክቫላ። "ብርጭቆ አላጋጭም አለ እንጂ።"

"ወይኔ" አለች ላማራ፣ ድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠች። "ልተካልሽ ማክቮ፣ ምን እናድርግ? ጉራም በልጆቼ አስምሎኝ ነው። ከሰማች ትበራለች፣ ከበረረች አትመለስም፣ ኤሊሶን ማን ያስተምራታል አለኝ። እኔ ክፉ ሰው ነኝ? ከሥራዬ ተለማምጬ ወጥቼ፣ እግሬ እስኪላጥ አብሬሽ ዞሬ፣ አንቺ ስትስቂ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስልሻለሁ።"

"ክፉ አይደለሽም። ክፉ ብትሆኚማ በተገላገልኩ፣ እዚሁ ሰው ፊት አዋርጄሽ እሄድ ነበር። አሁን ዝም በይ፣ ስልኩ እየጠራ ነው።"

ጉራም አነሣው። ከኋላው የሴቶች እንጉርጉሮ ይሰማል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ሰው ይተራመሳል። "ማክቮ፣ እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? እማዬ እኮ ተኝታለች" አለ ወንድሟ፣ ከልማዱ።

"ሙሾው ይሰማኛል ጉራም።"

በር ሲዘጋ ሰማች፣ ከዚያ እንጉርጉሮው ራቀ። "ማን ነገረሽ?"

"ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ይሄን ብቻ ነው። መቼ አረፈች?"

"ማክሰኞ ሲነጋጋ። አልተሠቃየችም። ኢንጋ ናት ዐይኗን የከደነቻት።" ኢንጋ ሚስቱ ናት። ማክቫላ፣ የእናቴን ዐይን የከደነችው የሌላ ሰው ልጅ ናት ብላ አሰበች፣ ወዲያው ደግሞ ራሷን ሰደበች፣ ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ ይሄን ሁሉ ወር የቻለቻት ኢንጋ ናት፣ እሷ ባሪ ሆና የሰው እናት ስታጥብ።

"ስለኔ ምን ትላት ነበር?"

"ተይው አሁን።"

"ምን ትላት ነበር ጉራም?"

"መንገድ ላይ ናት እላት ነበር" አለ። "ምን ልበላት? ከፋሲካ በፊት ጀምሮ በየቀኑ ትጠይቃለች፣ በየቀኑ መንገድ ላይ ናት እላታለሁ። አልጋሽን አስነጠፈችን። ሌሊት የውጭው በር እንዳይዘጋ አለች። ውሻው ይታሰር አለች፤ እሷ ከሄደች በኋላ የመጣ ነው፣ አያውቃትም፣ ይነክሳታል እያለች። አሰርነው። ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ እሷ ደግሞ በጮኸ ቁጥር መጣች እያለች ቀና ትላለች።"

ማክቫላ የድንጋዩን አጥር በሌላ እጇ ጨበጠች። ላማራ ካጠገቧ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፣ ነጠላ ጫማዋን እያየች ታለቅሳለች። ስልኩ ውስጥ ጉራምም አፍንጫውን ሲጠርግ ይሰማል።

"አንቺ ምን አጠፋሽ" አለ። "አልሰማሽም። ለሰዉም እንደዚያ ነው ያልነው፣ አልነገርናትም፣ ብትሰማ ክንፍ አውጥታ ትመጣ ነበር አልን። ሰዉም ይህንኑ ይላል፤ ማክቫላ ብትሰማማ አንድ ቀን አታድርም ይላል። ስምሽ ንጹሕ ነው እህቴ። እንዳልሰማሽ ሁኚ፣ እሑድ ትረጃለሽ፣ በወጉ ታለቅሻለሽ።"

"ዛሬ ማታ አውሮፕላን አለ።"

ኤሊሶም ከጉራም አጠገብ ትሆን ይሆናል። ነይ በለኝ፣ አንድ ሰው ነይ ይበለኝ አለች በሆዷ፣ ነይ ካለኝ ልብሴንም ሳልይዝ እሄዳለሁ፤ ደግሞ ወዲያው፣ እባክህ ነይ እንዳትለኝ አለች፤ ሁለቱንም የፈለገችው እኩል ነው፤ ይህን ስታውቅ ሰባት ዓመት የተጠራቀመው ንዴት ማረፊያ አገኘ፣ መጥቶ እሷው ላይ አረፈ። ጉራም ምንም አላለም።

"አልመጣም" አለች።

"እሺ። ይሻላል። እኛም ይህንኑ ነው የወሰንነው።"

"እናንተ አይደላችሁም የወሰናችሁት። እኔ ነኝ። አሁን ወደ ውስጥ ግባ፣ ሴቶቹን ዝም አሰኝልኝ፣ ስልኩን ራስጌዋ አድርገውና ድምፁን ልቀቀው።"

"ማክቮ፣ አገሩ ሁሉ ተቀምጧል። ሰው ይሰማል።"

"ይስማ።"

በሩ ተከፈተ። እንጉርጉሮው ቀረበ፣ ከዚያ አንዷ ሴት ማንጎራጎሯን አቆመች፣ ሌላዋም አቆመች፣ ማነው፣ ማነው የሚል ሹክሹክታ አለፈ፣ ስልኩ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ማክቫላ ጀርባዋን ለከተማው ሰጠች። ቱሪስቶቹ በአጠገቧ ያልፋሉ፣ ላማራ ቀሚሷን ይዛ ትጎትታታለች፣ እጇን አስለቀቀቻት።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ" አለች። "መንገድ ላይ አይደለሁም። አልተነሣሁም። ሰምቻለሁ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ዐውቃለሁ፣ አልመጣም። ውሻውን ይፍቱት።"